ከመዝሙሩ ጋር የመጣው ምራቂ

ሚልክያስን የማያውቅ የወላይታ ሶዶ ሰው ካለ ስልክ የሌለው መሆን አለበት እያልኩ እቀልድ ነበር። ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጋር በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ የምትለይ ጠባብ ሱቅ አለችው። ስልክ ይጠግናል፣ ስክሪን ይቀይራል፣ መዝሙር ይጭናል። ሰው ስልኩን ሲሰጠው መክፈቻ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይነግረውና ገበያው ይሄዳል። ፎቶው፣ የባንክ መልእክቱ፣ ከሚስቱ ጋር የተጨቃጨቀው ሁሉ እዚያ ውስጥ እያለ! እኔ ባሌን ተከትዬ ከደብረ ታቦር መጥቼ፣ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “አንቺ የራስሽን ጥላም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ” ይለኝ ነበር። ለሚልክያስ ግን እኔም ቁጥሬን ነግሬዋለሁ።

ረጅም ነው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፤ ቀልድ ሲያወራ ሳይጨርሰው ራሱ ቀድሞ ይስቃል። በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን ሰብሳቢ ነበር፤ ድምፅ ግን የለውም። “አንተን ምን ብለው ሾሙህ?” ስለው “ገመድ የምሸከመው እኔ ነኛ፣ እትዬ ወርቅውሃ” ይለኛል። እውነቱን ነው። ማይክራፎኑን የሚተክለው፣ የድምፅ ማጉያውን በባጃጅ ጭኖ የሚያመላልሰው፣ ዝማሬው ሲያልቅ ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። አላገባም። ያለችው እናቱ ናት፤ አስናቀች ትባላለች፣ ዱቦ አካባቢ እንሰትና ጎደሬ እያለማች የምትኖር።

ነገሩ የተጀመረው ከእሷ ነው። አስናቀች ፊደል አልቆጠረችም። እሁድ እሁድ የመዝሙር መጽሐፍ ይዛ ትሄዳለች፤ ሌላው ገጽ ሲገልጥ እሷም ትገልጣለች። ልጇ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ኖሯል። ቁጥር ግን ታውቃለች፤ ብርና ስልክ አስተምረዋታል። “ቁጥሩን ስትነካው የሚዘምርላት አፕ እሠራላታለሁ” አለኝ አንድ ቀን፣ “በወላይትኛ። ለእሷ ብቻ አይደለም፣ እንደ እሷ ላለው ሁሉ።”

ሠራውም። ድምፁን በአብዛኛው የሰጠችው ሰብለ ናት፤ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ የአቶ ባዳቾ ልጅ። አቶ ባዳቾ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። መንገዱ ላይ ባጃጁ ስለሚረብሽ የሚቀዱት በእኔ መደብር ጓዳ፣ በደብተር ካርቶን መሐል ነበር። እኔ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፤ ወላይትኛዬም ከገበያ አያልፍም። ሰብለ ስትዘምር ግን ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ እረሳው ነበር። አንዱን መዝሙር ስታጋምስ ሳል ይዟት ቆመችና ሳቀች። ሚልክያስ አልቆረጠውም። “ይቆይ፤ ሰው መሆኗ ይታወቅ” አለ።

ድምፁንና ጽሑፉን አንድ ላይ አድርጎ አፕ የሚያወጣ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አገኘ። ነፃ ነው። ሲጭነው አጠገቡ ነበርኩ፤ ያው የሰው ሥራ ማየት እወዳለሁ። እንግሊዝኛው እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ እሱ “ቀጥል”፣ “ቀጥል” ይላል። መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን መጣች፤ ስትመጣም የእሺታ ምልክቱ ቀድሞ ተደርጎባት ነው የመጣችው። እሷን ቆም ብሎ አነበባት። ለሚሠራው አፕ አንድ “ረዳት” በነፃ እንጨምርልዎታለን፣ ይመከራል፣ ነው የምትለው።

“ይዩልኝ እትዬ” አለኝ እየሳቀ፣ “ፈረንጆቹም ምራቂ ያውቃሉ!”

ሶዶ ገበያ የገበየ ሰው ይህ ይገባዋል። ሴትየዋ ቲማቲሙን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ከላይ አንድ ሁለት ፍሬ ትጨምርልሃለች። ምራቂ ነው። ምን አሰብሽ ተብላ አትጠየቅም። “አልፈልግም” ብለህ ብትመልስላት ደግሞ እጇን እንደ መስደብ ነው፤ በሚቀጥለው ገበያ ፊቷን ታዞርብሃለች። ሚልክያስ በዚህ ገበያ ያደገ ሰው ነው። ምልክቱን ቢያነሳው ደግ የዋለለትን ሰው ያስቀየመ ይመስለው ነበር። ስለዚህ እንዳለ ተወውና “ጨርስ” የሚለውን ነካ።

አፑ ወጣ። መጀመሪያ የጫነው ለእናቱ ነው። ዱቦ ድረስ ሄዶ ስልኳ ላይ አስገባላት፤ አስናቀች ቁጥር ነክታ ሰብለ ስትዘምርላት ጎረቤቶቿን ጠርታ አሰማች። ከዚያ ማን ያቆመዋል! የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች እሁድ አምልኮ ካለቀ በኋላ ግቢው ሣር ላይ ቁጭ ብለው መዝሙርና ስብከት ከስልክ ወደ ስልክ ይላላካሉ፤ ዳታ ውድ ነዋ። በዚያው መንገድ አረካ ደረሰ፣ ቦዲቲ ደረሰ። ዕድሜ የገፉት ደግሞ ወደ ሱቁ መጡ። ሲጭንላቸው ስልኩ ረዳቱ ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቃል። ሚልክያስ በራሱ ጣት “ፍቀድ” ይልላቸዋል። ረዳቱ ምን እንደሚረዳ ማንም አላየም፤ ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ። ሰው እስኪረሳው እየጠበቀ እንደነበረ በኋላ ነው የገባን።

ክረምቱ እንደወጣ ሰብለ በአጭር ሕመም ሞተች።

ልቅሶዋ ላይ ሁላችንም ነበርን። ድንኳኑ ሞልቶ ውጭ የቆመው ይበልጥ ነበር። የአንደኛ ክፍል ተማሪዎቿ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ከፊት ተደርድረዋል። መዘምራኑ ጀመሩ፣ እያለቀሱ አቋረጡ፣ ደግመው ጀመሩ፣ አልሆነም። ያን ጊዜ አቶ ባዳቾ ተነሡና “ተዉት፤ ራሷ ትዘምርላችሁ” ብለው ስልካቸውን ለሚልክያስ ሰጡት። እሱም ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው።

ድምፅዋ ወጣ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አባትየው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቁርጥ አለና በምትኩ ጭብጨባና ጥሩምባ መጣ። አንድ ወንድ በአማርኛ እየጮኸ፣ “እንኳን ደስ አለዎት! ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው! አሁኑኑ ይወራረዱ!” አለ።

ሚልክያስ ገመዱን ነቀለው፤ ግን ሁሉም ሰምቷል። ስክሪኑ ላይ ግማሽ ራቁቷን የሆነች ሴት የቁማር ካርታ ይዛ ትስቃለች። አቶ ባዳቾ ስልኩን ከእጁ ተቀበሉ፣ አዩአት፣ ወደ ኪሳቸው ከተቱት።  ሚልክያስ የተነቀለውን ገመድ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሰው “ዝም ብለህ ቁጭ በል” እንኳ አላለውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየቤቱ ፈላ። ያቺ ሴት በየስልኩ ብቅ ማለት ጀመረች፤ እናት ለልጇ ስትደውል፣ ዲያቆኑ የስብከት ጥቅስ ሲፈልግ። መጀመሪያ ሰው እርስ በርሱ ነው የተጠራጠረው። እንዲህ ያለ ነገር ፈልገው ካልገቡበት አይመጣም የሚል እምነት አለ፤ ለወጣቶቹም በዓመት በዓመቱ እንደዚያ ብለው ያስተምሯቸዋል። ስለዚህ ሚስት ባሏን ጠረጠረች፣ አባት ልጁን ገረፈ፣ ሁሉም አፍሮ ስልኩን ደበቀ። ውሎ አድሮ ግን አንድ ሰው አፉን ሲከፍት ሌላውም ከፈተ፤ መዝሙሩ ያለበት ስልክ ሁሉ እንደዚያ መሆኑ ታወቀ። መዝሙሩን የጫነው ማነው? ሚልክያስ። “ፍቀድ” ያለው የማን ጣት ነው? የእሱ። አወራራጆቹ ስንት ከፍለውት ይሆን ተባለ። በማግስቱ እንደተከፈለው ተረጋገጠ፤ የተረጋገጠው በወሬ ነው።

አምባቸው የሚባል ኮምፒውተር የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፤ ማርከር የሚገዛው ከእኔ ነው። ለምኜ ሚልክያስ ሱቅ ወሰድኩት። አንዱን ስልክ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

“ያ ረዳት ያልከው ነው። ማስታወቂያ ያመጣል፣ ባመጣ ቁጥር ለሠሪዎቹ ይከፈላቸዋል። መዝሙሩን ብታጠፋው እሱ አይጠፋም። ምስልም ስምም የለውም፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ፈቃዱን አንድ በአንድ መንጠቅ አለብህ።”

“ታዲያ ይህ ሌብነት አይደለም?” አልኩት እኔ።

“በእነሱ ቋንቋ ስምምነት ነው። ምልክቱ ነበረ፣ አላነሳውም።”

“እኔ እኮ አላደረግኩትም፣ ቲቸር” አለ ሚልክያስ። “ሲመጣም ተደርጎ ነው የመጣው።”

አምባቸው ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው፦ “ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ቢመጣ ምልክት ታደርግበት ነበር?”

“ለምን አደርጋለሁ? ምን እንደሆነ አላውቅ።”

“እንደማታደርግ እነሱም ያውቃሉ። ለዚህ ነው ባዶ አድርገው የማይልኩት።”

ደሜ ፈላ። እስኪ አስቡት፤ ቲማቲም ሻጯ ምራቂ ብላ ከዘንቢሌ ሥር የበሰበሰ ነገር ብትከትትና ቤቴ ሲገማ “ገልብጠሽ ማየት ትችይ ነበር” ብትለኝ፣ ገበያው ሁሉ ተሰብስቦ ያሳፍራታል። እነዚህ ግን የሚታፈርበት ፊት የላቸውም። ሚልክያስ ጻፈላቸው፤ “ስላነጋገሩን እናመሰግናለን” የሚል መልስ መጣ፣ ማሽን የጻፈው፣ ሌላ ነፃ ፕሮግራም እንዲሞክር የሚጋብዝ። ሰው ምልክቱን ማንሳት ይችላል ይላሉ። ከቻለ ታዲያ ምልክት ማድረጉንስ ለምን ለእሱ አልተዉለትም? ሰው እንደማያነሳው አውቀው፣ አለማንሳቱን እሺታ ብለው መዘገቡት። አንድ የዋህ ሰው ለደግነት የሰጠውን ዝምታ ወስደው ሸጡት። ይህን የሠራ ሰው የትም አገር ይኑር፣ እንቅልፍ ይወስደው እንደሆነ እጠይቀው ነበር። ይወስደዋል። እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ሽማግሌዎቹ ሚልክያስን ጠሩት። አምባቸው ያለውን ሁሉ ነገራቸው፤ ስለ ሳጥኗም፣ ስለ ምራቂውም አልደበቀም። ከመካከላቸው አንዱ “አይተኸው ነበር ማለት ነው?” አለው። “አይቼው ነበር” አለ። ሌላ አልጠየቁትም። “ለጊዜው ከአገልግሎት ዕረፍ” አሉት። እዚያ ቤት የቅጣት ቃል እንዲህ ለስላሳ ነው። በሚቀጥለው እሁድ የድምፅ ማጉያውን ሌላ ሰው በባጃጅ ጭኖ ሲያልፍ ሚልክያስ ሱቁ በር ላይ ሆኖ አየው።

እሱ ግን ያኔም ገና ተስፋ አልቆረጠም ነበር። ስልኩን ለአንድ አፍታ በእጁ ቢሰጡት ነገሩን ነቅሎ ማውጣት ይችላል፤ አምባቸው አሳይቶታል። መዝሙሩ ይቀራል፣ ቆሻሻው ይወጣል። በር ላይ በትልቁ ለጠፈ፦ “በመዝሙሩ አፕ የገባውን ችግር በነፃ እናጠፋለን።” አንድ ሽማግሌ ቆመው አነበቡት፣ አነበቡትና “በነፃ? ያኛውም በነፃ ነበር” ብለው ሄዱ። “በነፃ” የሚለውን ቀደደው። ያኔ ደግሞ “አበላሽቶ ሊያስከፍለን ነው” ተባለ።

ሱቁን ዘግቶ በየቤቱ መዞር ጀመረ። በር ይከፍቱለታል፣ ወንበር ይሰጡታል፣ ውሃ ያቀርቡለታል፤ የወላይታ ሰው እንግዳ አያዋርድም። ስልኩን ሲጠይቅ ግን ቻርጅ የለውም፣ ልጄ ይዞት ወጥቷል፣ ጠፍቶብኛል። ጠፋ የተባለው ስልክ ከጓዳ “እንኳን ደስ አለዎት!” ሲል ሰምቶ ያውቃል። ብዙዎቹ መዝሙሩን በራሳቸው አጥፍተውት ነበር። መዝሙሩ ሄደ፣ ማስታወቂያው ቀረ። ነቅሎ ሊያወጣው የሚችለው ሰው ደግሞ ሰው ስልኩን የማይሰጠው ያው እሱ ሆነ። ይህን ሳስብ ልቤ ይቆስላል፤ መውጫ ፈልጌለት አላገኘሁም።

አቶ ባዳቾ ዘንድ የሄደው መጨረሻ ላይ ነው። አብሬው ሄድኩ፤ ለብቻው እንዳይገባ ብዬ። እሳቸውም መዝሙሩን አስጠፍተውት ነበር፤ የልጃቸው ድምፅ አብሮ ጠፋ። ሚልክያስ ጋ ግን የመጀመሪያው ቅጂ አለ። የሰብለን መዝሙሮች ብቻ ለይቶ፣ አፕ ያልሆነ፣ ተራ ድምፅ አድርጎ በሚሞሪ ካርድ አዘጋጅቶላቸው ነበር። በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋላቸው።

አቶ ባዳቾ ካርዷን በዓይናቸው ብቻ አዩአት። እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሣና ተመለሰ። እንደፈለጉት ያስታውቃል።

“ከሱ ጋር ሌላ ምን አለ?” አሉት በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

“ምንም የለም፣ አባባ። ድምፅዋ ብቻ ነው።”

“ያኔም እንደዚያ ነበር ያልከኝ።”

እውነታቸውን ነበር። ሚልክያስ ካርዷን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ እሳቸውም “ጌታ ይባርክህ” ብለው እስከ በሩ ሸኙን። 

አሁን ሱቁ አለች፣ ሥራ ግን የለም። ከመንገዱ ማዶ ፀጋአብ የሚባል ልጅ አዲስ የስልክ ቤት ከፍቷል። ረዳቱን ለይቶ ማውጣት አያውቅበትም፤ ስልኩን ጠቅላላ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ ፎቶም መዝሙርም ይሄዳል። ሰው ግን ተሰልፎ ይሰጠዋል። ሚልክያስ በርጩማ አውጥቶ በእኔ በር ላይ ይቀመጣል። ቀልድ ይጀምርና ሳይስቅ ይተወዋል።

ባለፈው የገበያ ቀን እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ አስናቀችን አየናት። ከሚኒባስ ወርዳ በእኛ በኩል ሳይሆን በማዶ በኩል አለፈች፤ ፀጋአብ ቤት ገባች። ሚልክያስ ከበርጩማው አልተነሣም። እኔም ደብተር እንደማስተካክል ሆንኩ። ቆይታ ወጣች። ቀና ስትል አየችን፤ ተሻግራ መጣች። በፌስታል ጎደሬ ይዛለች፣ ስልኳ በሌላው እጇ ነው። በወላይትኛ ነው ያወሩት፤ ቃላቱ ቀላል ስለነበሩ ሁሉም ገባኝ።

“አዬ” አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው፣ “ለምን ወደ እኔ አላመጣሽውም?”

“ሥራ ይበዛብሃል ብዬ ነው።”

ሱቁ ባዶ እንደሆነ ሦስታችንም እናያለን።

“ምን አለው? ስጪኝና ልየው።”

“ጸድቷል ብሎኛል። ተወው ልጄ፣ አንተ አትንካው።” ወዲያው ደግሞ ደነገጠችና ክንዱን ያዘችው። “እኔ አይደለሁም። ሰው ነው እንደዚያ የሚለው። እኔ ምን አውቃለሁ?”

ሚልክያስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። “መዝሙሩስ?” አላት።

“የለም። ሁሉም ጠፍቷል። ደህና ነው፣ ያለእሱም እችላለሁ።”

ሚልክያስ ተነሥቶ ፌስታሉን ከእጇ ተቀበላትና ጎደሬውን ለእኔ አስቀምጦ ወደ መናኸሪያው ሊሸኛት ወጣ። እሱ ረጅም ነው፣ እሷ አጭር፤ ጎን ለጎን ቀስ እያሉ ሄዱ። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ነበር። እሷም አልራቀችውም፤ ስልኩን ብቻ እሱ ካለበት ወገን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው።